የቪትዝ ቦዲ ኪት በቤት ውስጥ፦ ፎሙን ያቀለጠው ሃርድነሩ አይደለም

ጥያቄ፦ «የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። የቆየች ቪትዝ አለችኝ፤ በወር ሁለት ሦስት ጊዜ በዓባይ በረሃ በኩል አዲስ አበባ እመላለሳለሁ። ቦዲ ኪት የሚባለውን የውጭ ማስዋቢያ፣ ማለትም ከፊት ወደ መሬት ወረድ ያለ ከንፈር፣ ከጎንና ከጎን ከበር ስር የሚታሰር ስከርት፣ ከኋላ ደግሞ ከባምፐሩ ስር የሚገባ ዲፊውዘር በፋይበር ግላስ ቤቴ ልሠራላት ጀምሬ ነበር። ከቴሌቪዥን ካርቶን የወጣ ነጭ ፎም ቀርጬ ሬዚን ስቀባው ቀለጠና ተሸበሸበ። ማድረቂያውን ሃርድነር አብዝቼበት ይሆን? ፎሙን ትቼ ፋይበሩን ባምፐሩ ላይ በቀጥታ ብለጥፈውስ? ምን ያህል ሬዚን ልግዛ? መኪናዋ ዝቅ እንድትል ሞላዋን ማስቆረጥስ እንዴት ነው? ኪት የገባላት መኪና መንገድ ትይዛለች፣ ነዳጅም ትቆጥባለች የሚሉኝ አሉ።»

መልስ፦ ፎሙን ያቀለጠው ሬዚኑ ራሱ ነው። «የፋይበር ሬዚን» ተብሎ የሚሸጠው በአብዛኛው ፖሊስተር ሬዚን ሲሆን ከክብደቱ ከ35 እስከ 45 በመቶ የሚሆነው ስታይሪን የሚባል ፈሳሽ ነው። ነጩ የካርቶን ፎም ደግሞ ከዚሁ ከስታይሪን የተሠራ ፖሊስታይሪን ነው። ሲገናኙ አንዱ ሌላውን ያሟሟዋል። ሃርድነሩን ብታበዛም ብታሳንስም ከዚህ አያመልጥም። ኢፖክሲ ሬዚን ነጩን ፎም አይበላም፤ ግን ዋጋው ውድ ነው፣ ከተለመደው የፋይበር ማት (ከተቆራረጠ የመስታወት ክር የተነጠፈ ጨርቅ መሳይ) ጋርም አይስማማም። የማቱን ክሮች አጣብቆ የያዘው ሙጫ በስታይሪን ሟሙቶ እንዲለሰልስ ተብሎ የተሠራ ስለሆነ በኢፖክሲ ሲነከር ማቱ ደርቆ ይቀራል፤ ኩርባ ላይም አይተኛም። ላንተ የሚሆነው በርና መስኮት ሲገጠም ክፍተት የሚሞላበት፣ በጣሳ የሚሸጠው ቢጫ የፖሊዩሬታን ፎም ነው። ስታይሪን አያቀልጠውም፤ በዳቦ ቢላዋም እንደ ልብ ይቀረጻል።

ስለ ሃርድነር ያለህ ጥርጣሬ ግን ቦታው ሌላ ቢሆንም ከንቱ አይደለም። ብዙ ሰው ሃርድነር ሲበዛ ፋይበሩ የሚጠነክር ይመስለዋል። ሃርድነሩ የጥንካሬ ቅመም አይደለም፤ ሬዚኑ እርስ በርሱ መያያዝ እንዲጀምር የሚቀሰቅስ ነው። ልኩ ከሬዚኑ ክብደት ከ1 እስከ 2 በመቶ ነው። ጥላ ስር የአየሩ ሙቀት ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሲሆን 1.5 በመቶ፣ ማለትም ለ1 ኪሎ ሬዚን 15 ግራም፣ በሲሪንጅ ስትለካው 13 ሚሊ ሊትር አካባቢ አድርግ። ባሕር ዳር በሚያዝያ ቀትር ለሚሠራ 1 በመቶ ይበቃል፤ ደብረ ማርቆስ በጥቅምት ጠዋት ለሚሠራ ደግሞ 2 በመቶ ያስፈልጋል። ከ1 በመቶ ካነሰ ፋይበሩ ለዘለቄታው ሳይበስል ይቀራል፤ በኋላ ፀሐይ ላይ ብታውለውም አይድንም። ከ2 በመቶ በላይ ከሄድክ ደግሞ ቆርቆሮው ውስጥ እያለ ሊፈላ፣ ማቱ ላይ ከደረሰም ተሰባሪ ሆኖ ሊሰነጠቅ ይችላል። ሲሪንጁን ከፋርማሲ ግዛና አንድ ቀን ተጠቅመህ ጣለው፤ ሃርድነሩ የሲሪንጁን ጎማ ያሳብጠዋል።

አሁን ወደ ዋናው ስህተት፦ ባምፐሩ ላይ በቀጥታ መለጠፍ። የባምፐሩን ጀርባ ገልብጠህ ብታይ አብዛኛውን ጊዜ «ፒፒ» (PP) የሚል ማኅተም ታገኛለህ፤ ፖሊፕሮፒሊን ማለት ነው። ፖሊስተር ሬዚን ፖሊፕሮፒሊንን አይይዝም። በሸካራ ብርጭቆ ወረቀት ብታሻክረው የያዘ መስሎ አንድ ወር ይቆይና እንደ ደረቀ ሰም ይላቀቃል። ጠንካራ ማጣበቂያ ቢገኝ እንኳ ሌላ ችግር አለ፤ የቤት ሥራዎችን ሁሉ የሚያበላሸውም እሱ ነው፦ ሁለቱ ነገሮች ሙቀት ሲያገኛቸው እኩል አይለጠጡም።

በአንተው መንገድ እንቁጠረው። ደብረ ማርቆስ ንጋት ላይ ባምፐሩ 10 ዲግሪ ገደማ ቢሆን፣ ቀትር ላይ ከደጀን ወርደህ ዓባይ ድልድይ አጠገብ ፀሐይ ላይ ስታቆማት ጠቆር ያለ ቀለም ያለው ፕላስቲክ በቀላሉ 50 ዲግሪ ይገባል። የ40 ዲግሪ ልዩነት ነው። 1.6 ሜትር ርዝመት ያለው የፖሊፕሮፒሊን ባምፐር በዚህ ልዩነት ከ7 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፤ የዚያው ርዝመት ፋይበር ግላስ ግን 2 ሚሊ ሜትር ቢጨምር ነው። በመካከላቸው የሚቀረው ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር የት ይሂድ? ወይ ማጣበቂያው ይቀደዳል፣ ወይ ባምፐሩ ይጎብጣል፣ ወይ ስቱኮውና ቀለሙ በመገጣጠሚያው መስመር ላይ እንደ ፀጉር ቀጭን ሆኖ ይሰነጠቃል። ያንን ስንጥቅ ቀለም ቀቢው በሠራ ቁጥር ይደፍነዋል፤ መኪናዋ በረሃ በወረደች ቁጥር ይመለሳል። ስለዚህ የምትሠራው ሁሉ በብሎን የሚታሰርና የሚፈታ፣ ለመለጠጥም ቦታ የተተወለት መሆን አለበት። ኦርጅናሉን ባምፐር አትቁረጠው፣ አትጣለው፣ ስቱኮም አትቀባው። ከኋላው ያለው ግጭት የሚቀንሰው ፎምና ብረት ለጌጥ አልተቀመጠም፤ ፋይበር ደግሞ ሲጋጭ ስለት ሆኖ ነው የሚሰበረው።

መንገድ መያዝንና ነዳጅን በተመለከተ፦ አየር መኪናን ወደ መሬት የሚጫንበት ኃይል ከፍጥነቱ ጋር በካሬ ነው የሚያድገው። ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ኃይሉ ወደ ሩብ ይወርዳል። ጋሪ፣ ባጃጅና ከብት በሚያቋርጠው መንገድ ላይ ቪትዝ በምትሄድበት ፍጥነት የቤት ከንፈር የሚሰጠው ጭነት መሪው ላይ አይታወቅም። ነዳጅ ለመቆጠብ የጎማህን ንፋስ በየሳምንቱ ለካ። ኪቱን ለመልኩ ሥራው፤ ለመልክ መሥራት ነውር የለውም።

ሞላ ማስቆረጥን እርሳው። የተቆረጠ ሞላ ይጠነክራል፣ መጨረሻው ጠፍጣፋ ስለማይሆን ከመቀመጫው ሊወጣ ይችላል፣ ሾኩም በአጭር ርቀት እየተመታ ቶሎ ያልቃል። ይህን ይዞ ከደጀን ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁለት ጠምዝማዛ መውረድ አይገባም። ደግሞስ ለምን ዝቅ ትላለች? የቪትዝ ሆድ ከመሬት ያለው ርቀት እንዲያው 15 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ሳንቲም ሳታወጣ ይህን ሞክር፦ ወፍራም ካርቶን በ5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ቁረጥና በባምፐሩ የታችኛው ጠርዝ ላይ በፕላስተር ለጥፈህ፣ በምትሄድበት መንገድ ሁሉ አንድ ሳምንት ንዳ። የሰፈርህን ኮብልስቶን፣ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታውን፣ የነዳጅ ማደያውን መግቢያ ሁሉ ይንካው። ካርቶኑ የታጠፈበት ወይም የተቀደደበት ቦታ ፋይበሩ የሚሰበርበት ቦታ ነው። 5 ሳንቲ ሜትሩ ካልተረፈ በ3 ድገመው። ያም ካልተረፈ የፊት ከንፈሩን ከፋይበር አትሥራው። ለከባድ መኪና ጭቃ መከላከያ ከሚሸጠው ጎማ ቀጭን ሰቅ ቆርጠህ እሰርበት፤ ሲነካ ይታጠፋል፣ ሲያልፍ ይመለሳል፣ ጥቁር ሆኖም ያምራል።

ምን ልሥራ ለምትለው መልሴ ይህ ነው፦ ሁለቱን የጎን ስከርቶች ከፋይበር ሥራ፤ የፊቱን ከንፈር የካርቶኑን ፈተና ካለፈ ብቻ፣ ከ3 ሳንቲ ሜትር ሳይበልጥ ሥራ፤ የኋላውን ዲፊውዘር ተው። ተራ ፖሊስተር ከ60 እስከ 80 ዲግሪ ባለው መካከል መለስለስ ይጀምራል። የጭስ ማውጫው ቱቦ ከጎኑ ነው፤ በዳገት ስትወጣም ይግላል። ሙሉ ባምፐር በሻጋታ ላውጣ ካልክ ደግሞ ሻጋታው ከምታወጣው ዕቃ ሁለት እጥፍ መወፈር ስላለበት ለአንድ ባምፐር ብቻ ከ10 ኪሎ በላይ ሬዚን ሻጋታው ብቻ ይበላል። አሥር ለምታወጣ ያዋጣል፤ ለአንዲት ቪትዝ አያዋጣም።

ለሁለት ስከርትና ለአንድ ከንፈር የምትለብሰው ስፋት በድምሩ 1.4 ካሬ ሜትር ያህል ነው። አንድ ንብርብር ባለ 300 ግራም ማትና ሁለት ንብርብር ባለ 450 ግራም ማት ስታለብስ በድምሩ 3 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ውፍረት ታገኛለህ፤ ይበቃል። ለካሬ ሜትር 1.2 ኪሎ ማት ማለት ነው፤ ብጣሹን ጨምረህ 2 ኪሎ ግዛ። ሬዚን የማቱን ክብደት ሁለት እጥፍ ተኩል ይጠጣል፤ 5 ኪሎ ይበቃሃል። ሃርድነር 100 ግራም፣ አሴቶን 2 ሊትር፣ ፎም 4 ጣሳ፣ ስቱኮ 2 ኪሎ፣ ባለ 40፣ 80፣ 180፣ 320 እና 600 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ አምስት ስድስት ርካሽ ብሩሽ። ባለ 1 ግራም ሚዛን የግድ ነው፤ በዓይን ግምት የተሠራ ሬዚን በቀላሉ ይበላሻል። ሬዚኑን ስትገዛ ወደ ሐምራዊ ወይም ሮዝ የሚያደላ ከሆነ ኮባልት የሚባለው ማፋጠኛ ተቀላቅሎበታል፤ ሃርድነር ብቻ ይቀረዋል። ኮባልት ለብቻው በጠርሙስ ከተሰጠህ መጀመሪያ እሱን ከሬዚኑ ጋር አማስለህ ጨርስ፣ ከዚያ በኋላ ሃርድነሩን ጨምር። ኮባልትና ሃርድነር ሬዚን በሌለበት ከተገናኙ ይፈነዳሉ፤ ሁለቱን ጠርሙሶች አንድ መደርደሪያ ላይ እንኳ አታስቀምጣቸው። ሥራ ከመጀመርህ በፊት 100 ግራም ሬዚን በ1.5 ግራም ሃርድነር (በሲሪንጅ 1.3 ሚሊ ሊትር) ሞክር። ከ15 እስከ 25 ደቂቃ ውስጥ እንደ ቀዘቀዘ ቅንጬ ከረጋ ደህና ነው። ሰዓት አልፎት ካልረጋ ወይ አርጅቷል፣ ወይ ኮባልት የለውም፣ ወይ ቀኑ ቀዝቅዟል።

ሥራው እንዲህ ይሄዳል። መኪናዋን እጠብና የምትለብሰውን ቦታና ዙሪያውን አንድ ክንድ ያህል በወረቀት ፕላስተር ሁለት ዙር ሸፍን፤ በላዩ የአሉሚኒየም ፕላስተር ለጥፍ፤ በዚያ ላይ ሰም አምስት ጊዜ እየቀባህ በየመሐሉ አድርቀህ ወልውል። ምጣድ ሳይታሰስ እንጀራ እንደማይነሳ ሁሉ ሰም ያልነካው ቦታ ላይ ፋይበሩ ተጋግሮ ይቀራል። ከዚያ ባለ 300 ግራሙን ማት በሬዚን አንድ ንብርብር አልብስና ይድረቅ። ይህ የመኪናዋን ቅርጽ በትክክል የወሰደ ጀርባ ነው፤ ብሎን የሚገባበት 3 ሳንቲ ሜትር ጠርዝም ከዚሁ ይወጣል። በደረቀው ጀርባ ላይ ፎሙን ንፋ፤ አንድ ጊዜ ከ3 ሳንቲ ሜትር በላይ አታወፍረው። ይህ ፎም የሚደርቀው በአየር እርጥበት ስለሆነ ከወፈረ ውስጡ ጥሬ ይሆናል፤ ጥሬው በኋላ በረሃ ሲወርድ ያብጥና ፋይበሩን ይገፋዋል። በየንብርብሩ ውሃ በመርጫ እፍ አድርግበት፤ መጨረሻ ላይ አንድ ሙሉ ቀን ተወው። ከዚያ በቢላዋ ቅረጽ፣ በ40 እና በ80 ቁጥር አስተካክል። ማዕዘኖቹን ሁሉ ቢያንስ እንደ እርሳስ ውፍረት አድርገህ አክብባቸው፤ ማት ሹል ጠርዝ ላይ አይታጠፍም፣ ተነስቶ ከስሩ አየር ይይዛል። ሁለቱ ጎኖች እኩል መሆናቸውን በዓይን አትመን፤ የቀኙን ቅርጽ በካርቶን ቀድተህ ገልብጠህ በግራው ላይ ለካው።

ባለ 450 ግራሙን ሁለቱን ንብርብር በአንድ ቀን ጨርስ። ማቱን በመቀስ ቆርጠህ አትጨርሰው፤ ዳር ዳሩን በእጅ ቅደደው፣ የተቀደደው ጠርዝ ከጎረቤቱ ጋር ይዋሃዳል። ሬዚን በአንዴ ከ500 ግራም በላይ አትበጥብጥ፤ በቆርቆሮ ውስጥ የተከማቸ ሬዚን ራሱን በራሱ እያሞቀ ይጨስና ይረጋብሃል፣ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ብሩሹን አትጎትት፣ በጫፉ ውጋው፤ ነጭ ነጥብ ሁሉ አየር ነው፣ እስኪጠፋ ምታው። በማግሥቱ ላዩ ሲነካ የሚያጣብቅ ቢሆን አትደንግጥ። አየር የነካው የፖሊስተር ፊት እንዲህ ነው፤ በአሴቶን ጥረገውና አሻክረው። ስሩም ጭምር እንደ ማስቲካ ከለሰለሰ ግን ሃርድነሩ አንሷል፤ ፍቀህ ጣል እንጂ ስቱኮ አትደርብበት።

ወቅቱ ከዕቃው ያላነሰ ይወስናል። ከሰኔ እስከ መስከረም አትሥራ። ሙቀቱ ከ15 ዲግሪ ሲወርድ ሬዚኑ ይተኛል፤ እርጥበት የያዘ ማትም ሲለብስ ነጥቶ ይቀራል። ከኅዳር እስከ የካቲት ጥሩ ነው፤ ግን ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት አትጀምር፣ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላም አዲስ ንብርብር አታንሳ። ማርቆስ ላይ ሌሊቱ ሳይበስል ይደርስበታል። ሬዚኑ ከቀዘቀዘ ሃርድነር ሳይገባበት ከነክዳኑ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አቁመው፤ እሳት አታስጠጋው። እዚህ ላይ ቤተሰቡንም አስጠንቅቅ። የአሴቶንና የስታይሪን ተን ከአየር ይከብዳል፤ መሬት ለመሬት ሄዶ የቡና ከሰል ካለበት ይደርሳል። ያን ቀን ቡናው ጓሮ ሳይሆን ሌላ ቦታ ይፈላ።

ለሽታው የጨርቅ ማስክ ምንም አይረዳም፤ ከሰል ማጣሪያ ያለው የቀለም ቀቢ ማስክ ያስፈልጋል። ስትፍቅ ደግሞ አቧራ የሚያጣራ ማስክ አድርግ። ሃርድነር ዓይን ውስጥ ከገባ የዓይን ብርሃን ሊያጠፋ ስለሚችል መነጽር ሳታደርግ ጠርሙሱን አትክፈት፤ ከገባ ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውሃ ቢያንስ 15 ደቂቃ እጠብና ሐኪም ቤት ሂድ። የተረፈውን ሬዚን ከነቆርቆሮው ደጅ፣ ድንጋይ ላይ አስቀምጥ እስኪበርድ።

ሲደርቅ ከመኪናዋ አላቅቀው፤ እንጨት ሽብልቅ እየሰደድክ ዙሪያውን ቀስ እያልክ አስነሳው። ጠርዙን በግራይንደር አስተካክል፤ አቧራው ቆዳ ስለሚያሳክክ ረጅም እጅጌ ልበስ። ለብሎን ባለ 6 ሚሊ ሜትር ከሰፊ ሮንዴላ ጋር፣ በየ25 ሳንቲ ሜትሩ አድርግ። ከንፈሩ ላይ መሐለኛው ቀዳዳ ብቻ ክብ ይሁን፤ ወደ ዳር ያሉትን በርዝመት እስከ 12 ሚሊ ሜትር ድረስ አርዝማቸው፣ ብሎኑንም እስኪያንቅ አታጥብቀው። ያ ከላይ የቆጠርነው 6 ሚሊ ሜትር የሚሄደው በእነዚህ ቀዳዳዎች ነው። ለከንፈሩ ከብረት ይልቅ የፕላስቲክ ብሎን ብትጠቀም ይሻላል፤ ድንጋይ ሲነካ ብሎኑ ይበጠሳል፣ ባምፐሩ ይተርፋል። የራዲያተሩን የታችኛውን አፍ በምንም አትሸፍን፤ ከድልድዩ ወደ ደጀን ስትወጣ ሞተሩ የሚተነፍሰው በዚያ ነው።

ስከርቱ ላይ የምትጠነቀቀው ሌላ ነገር ነው። ከበሩ ስር ባለው ላሜራ የታችኛው ጠርዝ ላይ ውሃ የሚወጣባቸው ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ፤ ክሪክ የሚገባበትም ቦታ እዚያው ነው። ሁለቱም ክፍት መቅረት አለባቸው። ስከርት ገብቶላቸው በሁለት ክረምት ውስጥ ከስር የበሰበሱ መኪኖች የበሰበሱት በፋይበሩ ሳይሆን በተደፈነ ቀዳዳና በተከማቸ ጭቃ ነው። ላሜራውን ከበሳህ የብሱን ከንፈር ፍቀህ ዝገት መከላከያ ቀብተህ ብሎኑን በሲሊኮን አስገባ። ስከርቱ ግርጌ ላይ አንተም በየ30 ሳንቲ ሜትሩ 8 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ተውለት። ክረምቱ ሲያልቅ አንድ ጊዜ ፈትተህ እጠበው።

ቀለሙን አታጣድፈው። የለበሰውን ፋይበር ቢያንስ አንድ ሳምንት ፀሐይ ላይ አውለው፤ በዚያ ጊዜ ይኮማተራል፣ የቀረውም ስታይሪን ይወጣል። በሦስተኛው ቀን የተቀባ ፋይበር ያኔ መስታወት ይመስላል፤ ከአንድ ወር በኋላ የማቱ ክር ከቀለሙ ስር ይታያል። ስቱኮ የትም ቦታ ከ3 ሚሊ ሜትር አይብለጥ። ከ180 በኋላ ፕራይመር፣ 320፣ እንደገና ፕራይመር፣ 600፣ ከዚያ ቀለም። ቀለሙን የራስህ ኮምፕሬሰር ከሌለህ ለጋራዥ ስጠው።

ታርጋውን፣ የፊትና የኋላ መብራቱን፣ ፍሬቻውንም ምንም ነገር አይጋርዳቸው። ከመኪናዋ ጎን ወጣ ብሎ ሰው ሊቧጭር የሚችል ጠርዝ አይኑር። ዓመታዊ ምርመራ ከመቅረብህ በፊት ያሰብከውን ለውጥ ለወረዳህ መንገድ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት አሳይተህ በጽሑፍ ጠይቅ። የሠራኸው ሁሉ በብሎን የታሰረ ከሆነ፣ አይቻልም ቢሉህ እንኳ በግማሽ ቀን ፈትተህ መኪናዋን ወደነበረችበት መመለስ ትችላለህ።